እርሾው እንዳያልቅ

ዛሬ ስለ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እናወራለን። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ማለት ሸጠን፣ መልሰን ዕቃ የምንገዛበት ብር ነው። እንደ እርሾ ቁጠሩት። ባልትና የምታውቅ ሴት ሊጡን አሟጣ አትጋግርም፤ ለሚቀጥለው ታስቀራለች።

እንግዲህ ደብረ ኤልያስ ላይ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ እናት አለች እንበል። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲታጎል፣ የጌሾና የብቅል መግዣዋ ለልጆች ቀለብ ይወጣል። ምን ታድርግ! በኋላ ሰላም ሆኖ ገበያው ሲቆም ማሰሮው አለ፣ ደንበኛው አለ፤ እርሾው ግን የለም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ብድር አንድ ነው። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ለእኔ ግን ዕቁብ ይቀድማል፤ ወለድ የለውማ! የቸገረው ሰው ዳኛውን ለምኖ ዕጣውን ቀድሞ ሊወስድም ይችላል።

ስለዚህ፣ አድማጮቻችን፣ ብሩ እጃችሁ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሥራ ማስኬጃውን ለይታችሁ አስቀምጡ።