ራዲዮ በጭንቅ ጊዜ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጭንቅ ጊዜ ለመናገር መነሣታችን ጥቂት ቅር የሚያሰኛችሁ ሳይሆን አይቀርም። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ድል አሰምተው ተጨብጭቦላቸዋል። እኛ ግን ክበባችን ተሰብስቦ በመከረ ጊዜ፥ ጭብጨባው ይቅርብንና አንድ ጥፋታችንን እንናገር ብለን ስለ ቈረጥን፥ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን በትሕትና እንለምናለን። የምንጠቅሰው ዘመን የአገራችን ሲሆን በአገራችን አቈጣጠር፥ የውጭ አገር ሲሆን በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናሳስባለን።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ በኩል ምድር ለወራት በየጊዜው ትንቀጠቀጥ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚያ አካባቢ ሕዝብ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ከቀዬው ተነሥቶ በመጠለያ ሰንብቷል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት በጥናት ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። ወዲያው ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ወሬ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ፤ «ትልቁ መንቀጥቀጥ ዛሬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል» የሚል ነበር። ሁላችንም ወደ ቤተ ሰቦቻችን ለመደወል በአንድ ጊዜ ስለ ተሻማን የኪስ ስልኮቻችን እምቢ አሉ፤ ስልኩ እምቢ ማለቱም ወሬውን ያረጋገጠ መሰለን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጨለማ በአንድ ደረጃ ላይ ተጋፍተን ወረድን፤ አንዲት እኅታችን ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

ጥፋታችን ይህ ብቻ አይደለም። በክበባችን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ደኅና ራዲዮ ነበረ። ነገር ግን አራቱን የባትሪ ድንጋዮች ሁለቱን ለግድግዳ ሰዓት፥ ሁለቱን ለእጅ ባትሪ ብለን አውጥተን ስለ ነበረ፥ ራዲዮው በዚያች ሌሊት ከባዶ ሣጥን አይሻልም ነበር። ይልቁንም የሚያሳፍረን በር የሚጠብቁት አባባ ነገር ነው። እሳቸው በትንሿ ራዲዮናቸው የማታውን ወሬ ሲያዳምጡ፥ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ቀርቦ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቈርጦ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ሲያስረዳ ሰምተዋል። ስንሮጥ ባዩ ጊዜም በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፥ ውሸት ነው! አሁን በራዲዮ ሰማሁ!» እያሉ ጮኸዋል። ማን ሰማቸው? እኛ ይህን የነገሩን በማግሥቱ ነው፤ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ያያቸው ከመካከላችን አልተገኘም።

ከዚህ የተነሣ ክበባችን ስለዚህ ጕዳይ መመርመር ጀመረ። በመጀመሪያ የጠየቅነው፥ እንዲህ ያለ ብልህ የኪስ ስልክ በተገኘበት ዘመን የአባባ አሮጌ ራዲዮ እንዴት በለጠው የሚለውን ነው። መልሱ ከባድ አይደለም። የኪስ ስልክ በአቅራቢያው ካለ ማማ ጋራ ካልተገናኘ አይሠራም፤ ማማውም በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ የሚችለው የተወሰነ ሰው ነው። አገር ሁሉ በአንድ ደቂቃ «አለህ ወይ? አለሽ ወይ?» ሲል ይጨናነቃል። መብራትም ሲጠፋ ማማው የሚሠራው በተጠባባቂ ባትሪ ስለ ሆነ፥ ያ ሲያልቅ ዝም ይላል። የራዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ ግን አንድ ጊዜ ሲናገር ሰሚው አንድ ቢሆን አንድ ሚሊዮን ቢሆን ሸክም አይጨምርበትም። ጣቢያው አደጋ ከደረሰበት ስፍራ ርቆ ሊተከል ይችላል፤ የአጭር ሞገድ ከሆነም ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው የአየር ንጣፍ ላይ እየነጠረ ተራራና ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ተቀባዩም ከጥቂት የባትሪ ድንጋዮች በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።

አባቶቻችን ይህን ሥራ የሚሠሩት በነጋሪት ነበር። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ጐስሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲል፥ ነገሩ ከአንድ ከታወቀ ስፍራ እንደ ወጣ ሕዝቡ ያውቃል። ወሬ ግን ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ወሬ በጭንቅ ቀን ምን እንደሚያደርስ በ1923 በጃፓን አገር ታይቷል። በመስከረም 1 ቀን ልክ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቶኪዮና ዮኮሃማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሱ፤ የምሳ እሳት በየቤቱ ይነድ ስለ ነበረ የተረፈው ተቃጠለ፤ ከ100,000 የበለጠ ሰው ሞተ። የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተበጠሰ፤ ጋዜጣ ማተሚያዎችም ነደዱ። በጃፓን ለሕዝብ የሚናገር ራዲዮ ገና አልተጀመረም ነበር። በዚያ ዝምታ መካከል «ኮሪያውያን ጕድጓድ ውሃ መረዙ፥ እሳት ለኰሱ» የሚል ሐሰት ተነሣ፤ ሕዝቡም ጐራዴና ቀርከሃ እየያዘ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ንጹሓን ኮሪያውያንን ገደለ። በሌላ በኩል ግን፥ ከቶኪዮ ርቆ ይገኝ የነበረ አንድ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ አደጋውን ወደ አሜሪካ አስተላልፎ ዓለም እንዲሰማ አድርጓል። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱ፤ ማዶ ያለው ዓለም እውነቱን ሲሰማ የቶኪዮ ሰው ግን ጎረቤቱን በወሬ ይገድል ነበር። ጃፓኖች በ1925 በመጋቢት ወር በቶኪዮ የራዲዮ ስርጭት ጀመሩ።

ራዲዮ መኖሩ ብቻ አይበቃም ያልነውን ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የታይታኒክ ታሪክ ነው። ታሪኩ በሲኒማ ስለ ታወቀ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የራዲዮውን ነገር ግን ሲኒማው ብዙ አይነግርም። በ1912 በሚያዝያ 14 ቀን ሌሊት መርከቧ ከበረዶ ተራራ ጋራ ስትጋጭ፥ ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሠራተኞች ነበሩባት። ብራይድ ዕድሜው 22 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከእኛ ታላላቅ ወንድሞች አይበልጥም። እነዚህ ሁለቱ ውሃው እስኪደርስባቸው ድረስ የጭንቅ ጥሪ ሲልኩ ቆዩ። ካርፓትያ የምትባል መርከብ 58 የባሕር ማይል ያህል ርቃ ሳለች ጥሪውን ሰምታ በሙሉ ኀይሏ ገሠገሠች። የሰማችውም በዕድል ነው፤ የቴሌግራፍ ሠራተኛዋ ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ገና ስላላነሣ ነው። 700 ያህል ሰው የዳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ከካርፓትያ ይልቅ እጅግ የቀረበች ካሊፎርኒያን የምትባል ሌላ መርከብ ነበረች። እሷ በበረዶው ምክንያት ቆማ ነበርና፥ ሠራተኛዋ ይህንኑ ለታይታኒክ ሊነግር ቢጀምር ፊሊፕስ የመንገደኞችን ቴሌግራም በማስተላለፍ ተጠምዶ ስለ ነበረ ዝም በል ብሎ መለሰለት። ሰውየውም የነበረው ብቻውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ደክሞታል፤ መሣሪያውን ዘጋና ተኛ። ታይታኒክ የተጋጨችው ከዚያ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ነው። 1,500 ያህል ሰው ሲሰጥም በቅርብ የነበረው ጆሮ እንቅልፍ ላይ ነበረ። እኛ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ ሥራውን ጨርሶ የተኛ ሰው ነው። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን፥ ሌሊት የሚያዳምጥ ተረኛ እንዲኖር ያላዘዘው ሥርዓት ነው። በ1914 በሎንዶን በተጻፈው የባሕር ደኅንነት ስምምነት የማያቋርጥ አዳማጭ ጕዳይ የገባው በዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ ደንብ በጣም ስላስደነቀን እሱንም እንጨምር። በመርከቦች የራዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት ፊቱ ላይ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ቍራጮች ነበሩበት። እያንዳንዳቸው የሦስት ደቂቃ ናቸው። የሰዓቱ ቀስት እዚያ በደረሰ ጊዜ፥ በጭንቅ ጥሪው ሞገድ ላይ በባሕር ሁሉ ያለ መርከብ ወሬውን አቋርጦ ዝም ይላል፤ ምናልባት አንድ ደካማ ድምፅ ከሩቅ ይጣራ እንደ ሆነ ለመስማት ነው። በ1999 አዲሱ በሳተላይት የታገዘ ሥርዓት ስለ ተተካ ይህ ልማድ ቀርቷል። ሆኖም የዓለም መርከበኛ ሁሉ በየሰዓቱ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረበት ዘመን እንደ ነበረ ስንሰማ፥ በክፍላችን ውስጥ የሚሰማውን ጫጫታ አስበን ጥቂት ስቀናል።

ምናልባት ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ይኖራል። እንግዲያውስ 2004ን እንጥቀስ። በታኅሣሥ ወር አንዲት ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ህንዳዊት የአማተር ራዲዮ ባለሙያ ከጓደኞቿ ጋራ ወደ አንዳማን ደሴቶች ሄዳ ነበር። የሄደችውም ለርዳታ ሳይሆን፥ በእነዚያ ደሴቶች ለብዙ ዓመታት ያልተፈቀደው የአማተር ራዲዮ ስለ ተፈቀደላት ከሩቅ አገር ሰዎች ጋራ ለመነጋገር ነው፤ ጨዋታ ነው ብንል አንሳሳትም። በወሩ በ26ኛው ቀን ታላቁ የባሕር ማዕበል መጣ። ስልክ ሁሉ ተቋረጠ። እሷም ጨዋታውን ትታ ያንኑ መሣሪያ ከሆቴሉ አውርዳ በሜዳ ተከለችው፤ ደሴቶቹን ከዋናው የህንድ ምድር ጋራ አገናኘች፤ «እገሌ በሕይወት አለ፤ እገሊት ደኅና ናት» የሚል መልእክት ለብዙ ቤተ ሰብ ደረሰ።

በአገራችንም ቢሆን ራዲዮና ጭንቅ የተዋወቁት ገና በመጀመሪያው ነው። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የጠላት ጦር ድንበር ላይ በቆመበት ወራት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በራዲዮ ለዓለም ሕዝብ ተናግረዋል። በዛሬውም ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚባል የጥሪ ስም የታወቀ የአማተር ራዲዮ ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎችም ይሠሩበታል። ከመካከላችን ሁለቱ ወደዚያ ለመግባት እንደ ተመኙ ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ሒሳባቸውን ግን ማሻሻል አለባቸው።

በመገናኛ ራዲዮ ስለ መነጋገር እኛ በሁለት መሣሪያ ተለማምደን ያገኘነው ይህ ነው። ቍልፉን ተጭኖ ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቈረጥበታልና፥ አንድ ጊዜ መተንፈስ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ያለበትን ስፍራ መናገር አለበት፤ ድምፁ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉና። ቀጥሎ ምን እንደ ደረሰ፥ ስንት ሰው እንደ ተጐዳ፥ ምን እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ከዚያም «ጨረስኩ» ብሎ ቍልፉን ይለቃል። ሰሚው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ይህን ስንለማመድ «ሦስት ሰው ተጐድቷል» ያልነው «ሠላሳ ሰው» ሆኖ ተመለሰልን፤ ስለዚህ ቍጥርን ሁለት ጊዜ መናገር ደንባችን ሆነ። ስምም ሲያስቸግር «አ እንደ አባት፥ በ እንደ በሬ» እያልን እንፈታዋለን።

አሁን ወደ ልመናችን እንመለስ። ክበባችን ራዲዮውን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ በበሩ ጠባቂ ክፍል አስቀምጦታል። ድንጋዮቹ ሲያረጁ እያፈሰሱ ውስጡን ስለሚያበላሹ፥ ከራዲዮው ተነጥለው በትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በአደጋ ጊዜ ድንጋዩ እንዳያልቅ ራዲዮው የሚከፈተው በየሰዓቱ መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የሰማውን ጽፎ በሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ተረኛ በየሳምንቱ ይመደባል፤ በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ወሬ ሲሰማም ማንም ተማሪ ከመቀመጫው እንዳይነሣ ርእሰ መምህራችን እንዲፈቅዱልንና እንዲያዝዙልን እንለምናቸዋለን። ወላጆችም የአሮጌ ራዲዮ ትራፊ በቤታችሁ ቢኖር አትጣሉት፤ ጠግነን እንሠራበታለን።

ክንዷ የተሰበረው እኅታችን ድናለች፤ ይህንን ንግግር በንጹሕ የጻፈችልንም እሷ ናት። የመጀመሪያው ሳምንት ተራ የአሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ድንጋዮቹ አራቱም በሣጥኑ ውስጥ አሉ፤ የሣጥኑ ቍልፍ በአባባ ዘንድ ነው።