የባከነ ሰዓት



ዛሬ ስለ ኳስ ነው የምንናገረው። አብዛኞቻችን ኳስ መትተን አናውቅም፤ ቋንቋው ግን አፋችን ገብቷል። ቀጥሮን የቀረውን «ፎርፌ ሰጠን» እንላለን። በዋጋ የሸወደንን የበግ ነጋዴ «አብዶ ሠራብን» እንላለን። ማኅበራችን ሲጀመር የቁጠባ ሣጥናችንን አይተው «ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው» ያሉን ነበሩ። እሱስ የልጅነታችን ጨዋታ ነውና ብዙም አልከፋን። የጎዳን ቀይ ካርድ ነው።

አንዲት አባላችን ሦስት ወር ቁጠባ አልከፈለችም። (ፈቅዳልን ነው የምናወራው፤ ስሟን አንጠራም።) በስብሰባ ላይ አንዷ ተነሥታ «ቀይ ካርድ!» አለች። ሳቅን። እየሳቅን እጃችንን አወጣን፤ ስሟም ከመዝገብ ተሠረዘ። «ትባረር» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማናችን ደፍረን እጃችንን እናወጣ ነበር? ቃሉ ቀለለን። ቤቷ ሄደን የጠየቅነው ከውሳኔው በኋላ ነው። ለካ የታመመ ልጇን ይዛ ደሴ ሰንብታለች።

ካርዱን ያሰበው ኬን አስተን የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ ነው፤ ከትራፊክ መብራት ወስዶ፣ ቋንቋ የማይግባቡ ዳኞችና ተጫዋቾች እንዲግባቡበት። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ሲጀመር ቢጫ እንጂ ቀይ ያየ ተጫዋች አልነበረም። እኛ ቢጫውን እንኳ አላሳየናትም።

ከዚያው ከኳስ ሌላ ቃል አገኘን፤ የባከነ ሰዓት። ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ የሚያልፈውን ደቂቃ ዳኛው ይዞ መጨረሻ ላይ ይጨምረዋል። (አገራችን በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ጭማሪ ሰዓት ሌላ ነው። ስናደባልቀው ልጆቻችን ይስቁብናል።) አሁን በደንባችን ወሊድ፣ ሕመም ወይም ሐዘን የበላው ወር የባከነ ሰዓት ይባላል። ክፍያው ያለ ቅጣት ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይገፋል። ከመወሰናችን በፊትም ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ።

እህታችንን ልንመልሳት ስንሄድ መጀመሪያ አልተቀበለችንም። «ሳቃችሁ ደርሶኛል» አለችን። ደግመን ሄድን። አሁን ቁጠባዋን በልጇ እጅ ትልካለች፤ ስብሰባ ግን ገና አልመጣችም።