ሞተሩ ሲጠፋ
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ፣ በአየር ሥራ ላይ ያለን አባላት ስለ አውሮፕላን እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገርንም። እንደሚታወቀው ሲያትል የአውሮፕላን አገር ናት። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን በረራ ለመማር ይፈልጋሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ተማሪ ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ሊያበርር፣ 17 ሲሞላው ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል። የወላጅ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በማባበል አናልፈውም።

ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወርድም። አየር ላይ የሚሸከመው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ የሚሰጠው ፍጥነቱን ነው። ብዙ ተማሪ የሚለማመድበት ሴስና 172፣ አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ከጠበቀ፣ ነፋስ በሌለበት ከ1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ይህም አራት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ለቡና አይበቃም፤ ማረፊያ ለመምረጥ ግን ይበቃል። አብራሪው በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚያርፍበትን ይመርጣል፤ ጊዜ ከተረፈው ነዳጁንና ማቀጣጠያውን ፈትሾ ሞተሩን ለማስነሳት ይሞክራል፤ በሬዲዮም ይናገራል።

ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል ሲፋለስ ነው። መሬት ስትቀርብ እጅ በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ኋላ ይስባል፤ አፍንጫው ሲነሳ ፍጥነቱ ያልቅና ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ገና እንደተነሱ፣ ከፍታ ሳይኖር፣ ወደ መነሻው ለመዞር መሞከር ነው። መምህራን ፊት ለፊት የተገኘው ቦታ ላይ ማረፍ ይሻላል የሚሉት ስለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ቢሰባበር ይሰባበር።

በእኛ አካባቢ ችግሩ ቦታው ነው። ሜዳ ጥቂት ነው፤ ያለው ቤት፣ ረጃጅም ዛፍና ቀዝቃዛ ውኃ ነው። መንገድ ደግሞ መኪናና ሽቦ አለበት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2017 ከፔይን ፊልድ የተነሳ አንድ ትንሽ ፓይፐር ኃይል አጥቶ ሙኪልቲዮ መንገድ ላይ ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነካ፤ እሳትም ተነሳ። ብርቱ ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን አልነበረም። ነሐሴ 1 ቀን 2019 ደግሞ ከታኮማ በስተ ደቡብ፣ ፓስፊክ አቬኑ ላይ፣ የነዳጅ ችግር የገጠመው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በጠዋቱ ትራፊክ መካከል አርፎ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። አብራሪውና ፖሊሱ ገፍተው ከመንገድ አወጡት።

ስለ ሞተር መጥፋት ስንናገር ባሕር ዳርን ልናልፋት አንችልም። ምንም እንኳ ያ ትልቅ ጄት ቢሆን፣ ነገሩ ያው ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንደኛው ወዲያው ከዳ፤ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክሩ ሁለተኛውም ከዳ። አብራሪዎቹ ጎማ ሳያወጡ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። የእነዚያን 35 ሰዎች ለቅሶ የደረሰ ይህን ቁጥር እንደ መልካም ዜና አይሰማውም፤ እኛም እንደዚያ አልቆጠርነውም። ነገር ግን ሁለት ሞተር ጠፍቶ 69 ሰው በሕይወት የወጣው አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻው እየበረረ መሬት ስለደረሰ ነው።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። ወላጆች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ነዳጁን በዓይኑ የሚያየው ማን ነው? ጠቋሚውን ብቻ አምኖ መነሳት ብዙ ሰው አሳስቷል። ካርቡረተር ያለው አውሮፕላን ከሆነ ስለ በረዶው ጠይቁ። የሲያትል እርጥብ አየር ካርቡረተሩ ውስጥ ሲገባ ስለሚቀዘቅዝ፣ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ እንኳ በረዶ ሠርቶ ሞተሩን ሊያፍነው ይችላል፤ ለዚህም ሙቀት የሚለቅ መሳቢያ አለ። ሞተር እንደጠፋ ተቆጥሮ የሚደረገውን ልምምድስ ልጁ በስንት ጊዜ አንዴ ይሠራዋል? ለፈቃድ በሚሰጠው ፈተና ላይ ፈታኙ ጋዙን ቀንሶ «ሞተርህ ጠፍቷል፣ የት ታርፋለህ?» ማለቱ አይቀርም። አንዴ ለፈተና ብቻ የተለማመደና በየሳምንቱ የተለማመደ ልጅ አንድ አይደሉም።

ከምሳ በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንቆያለን። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም እናቶች፣ ኑና ጠይቁን።