ስለ ኩርፊያ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከመኝታ ቤት ጓደኛዬ ጋር ተኳርፈን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ምክንያቱ ሳያስፈቅደኝ የወሰደው ደብተር ነበር። እኔም «ሆድ ይፍጀው» አልኩ፤ ዳሩ ግን ሆዴ ነገሩን አልፈጀውም፤ ነገሩ ሆዴን ፈጀው እንጂ።

መውጫውን ያገኘሁት ዲያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና ከሚባለው ትምህርት ነው። ያዘጋጁት በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር የነበሩት ማርሻ ሊነሃን ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። በመጀመሪያ የታሰበው ራሳቸውን ለመግደል ለሚሞክሩ ሰዎች ነበር። እርሳቸውም በወጣትነታቸው በዚሁ ሥቃይ ማለፋቸውን በ2011 ለሕዝብ ገልጠዋል።

ትምህርቱ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን ያስታርቃል፤ ይኸውም ራስን እንዳለ መቀበልንና ራስን መለወጥን ነው። አራት ክፍሎች አሉት፤ አሁን ያለውን ማስተዋል፣ ጭንቅን መታገሥ፣ ስሜትን መግራትና ከሰው ጋር መግባባት።

እኔን የረዳኝ ስሜትን መግራት ነው። ስሜቱ ከነገሩ ልክ ሲያልፍ፣ ስሜቱ ከሚያዘው ተቃራኒውን አድርግ ይላል። ኩርፊያ «ፊትህን አዙር» ይላል፤ እኔ ግን አንድ ማታ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩና፣ በአራተኛው ክፍል እንደ ተማርኩት፣ መጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ ስሜቴን፣ በመጨረሻም የምለምነውን ነገርኩት፦ «ደብተሬን ሳትነግረኝ ወሰድህ፤ ለፈተና ሳላጠና ቀርቼ ተናደድኩ፤ ሁለተኛ ጠይቀኝ።» እርሱም ለካ ይህንኑ ሲጠብቅ ኖሯል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ስሜት ሲመጣ ፈቃድ አይጠይቀንም፤ አፋችንና እግራችን ግን ለፈቃዳችን ይታዘዛሉ። ያኮረፋችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሰላም በሉት። ሥቃዩ ሕይወቱን ያስጠላው ጓደኛ ካላችሁ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም አድርሱት።