የሁለት ወገን ክርክር በእንግሊዝኛ የፈተና ድርሰት



እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በሁለተኛው የጽሕፈት ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶችን አቅርቦ ተፈታኙ ሁለቱንም መርምሮ የራሱን ሐሳብ እንዲገልጽ ያዛል። ጊዜው 40 ደቂቃ፣ የቃላቱም ብዛት ከ250 የማያንስ ነው።

በላ ልበልሃ በተባለው የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሙግት ተሟጋቹ የሚቆመው ለራሱ ወገን ነው፤ የባላጋራውን ቃል የሚያነሣውም ለማፍረስ ነው። ፈተናው ግን ተማሪውን ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ዳኛም ያደርገዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተማሪ የማይስማማበትን ወገን በአንድ ደካማ ዓረፍተ ነገር አሳልፎ ወደ ራሱ ሐሳብ ይሮጣል፤ ሌላው ለሁለቱም እኩል መስመር ሰፍሮ ፍርዱን ይዘነጋል። ይህ ሁለተኛው ጥፋት ሚዛናዊነት ስለሚመስል መምህራን ሳይቀሩ ያመሰግኑታል!

ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነጻ ይሰጥ ወይስ ተማሪው ይክፈል ቢባል፣ ክፍያን የሚቃወመው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰ ገበሬ በግብሩ የሌላውን ልጅ ስለ ምን ያስተምራል የሚለውን ብርቱ ምክንያት፣ ባለቤቶቹ እንደሚያስረዱት አድርጎ መጻፍ አለበት። ፍርዱም ይህንኑ ምክንያት የሚመልስ መሆን ይገባዋል። ለልምምድ ተማሪው የሚቃወመውን ወገን አንቀጽ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጓደኛው አንብቦ ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መለየት ካቃተው፣ አንቀጹ በቅቷል።