ያረጀ አይሮፕላንና የመንገደኛ ዕረፍት



ከዋሽንግተን ተነሥቶ ጎርጎራ የሚደርስ መንገደኛ በመጀመሪያ ከግማሽ ቀን በላይ በአየር ላይ ይቆያል። ከአዲስ አበባ በሌላ አይሮፕላን ወደ ጎንደር ይሻገራል። ከዚያም ከአዘዞ ተነሥቶ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ስልሳ ያህል ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዞ ከጣና ዳርቻ ይደርሳል። ይህ መንገደኛ ደብረ ሲና ማርያምንና የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ፍርስራሾች ለማየት የመጣ የውጭ ጎብኚ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ አይተው ወደ ቀያቸው የሚመለሱ እናት ወይም አባት ናቸው። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው የቢዝነስ ክላስ ቲኬት ሲገዙላቸው ዓላማቸው የብርጭቆውና የገበታው ጌጥ አይደለም፤ የሚሹት ለወላጃቸው ጀርባና ጉልበት ዕረፍት ነው። ስለዚህም ቲኬቱን የሚሸጠው ወኪል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «አይሮፕላኑ አሮጌ ቢሆንስ?» የሚል ነው።

ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው «በሰላም ያደርሰናልን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «በምቾት ያደርሰናልን?» የሚል ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ መንገደኛው የማያስፈራውን ይፈራል፤ ሊጠይቀው የሚገባውንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ስለ መጀመሪያው ጉዳይ የሀገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ራሱ በቂ መልስ ይሰጣል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አይሮፕላኖች ነበር። አዲስ ሆነው አልመጡም፤ ይሁን እንጂ እነሱና ወንድሞቻቸው ዲሲ-3ዎች በሀገር ውስጥ በሣርና በጠጠር ሜዳዎች ላይ ሳይቀር እያረፉ ለበርካታ አሥርት ዓመታት አገልግለዋል። በአንጻሩ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ወደ ሞተሮቹ ገብቶበት የወደቀውና የ35 ሰዎች ሕይወት የጠፋበት ቦይንግ 737 ከተሠራ ብዙ ያልቆየ አይሮፕላን ነበር። ጣና ዳር የደረሰው ይህ መራራ አደጋ የሚያስተምረው አዲስነት ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አለመሆኑን ነው።

የአይሮፕላንን አካል የሚያደክመው ዋነኛው ነገር የዓመታቱ ቁጥር ሳይሆን የመነሣቱና የማረፉ ብዛት ነው። አይሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በውስጡ ያለው የታመቀ አየር አካሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ይለቅቀዋል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ ብረትም በዚህ መመላለስ ይደክማል። በ1946 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራሽ ኮሜት ጄቶች በአየር ላይ የተበታተኑት በዚሁ ምክንያት መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። በሚያዝያ ወር 1980 ዓ.ም. ደግሞ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይመላለስ የነበረ ቦይንግ 737 በበረራ ላይ ሳለ የጣሪያው ከፊል ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። ያ አይሮፕላን ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን የበረራው ቁጥር ግን ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ የገፉ አይሮፕላኖች የሚመረመሩበት ሥርዓት እጅግ ጠብቋል።

ይህን በረጅም መንገድ ከሚሠራ አይሮፕላን ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በደሴቶች መካከል በቀን ስምንት ጊዜ የሚነሣ አይሮፕላን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ጊዜ ሲነሣና ሲያርፍ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ሰዓት የሚበር አይሮፕላን በዚያው ዓመት ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ይነሣል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢወለዱም እኩል አያረጁም። ከዚህም በላይ በየዓመታቱ በሚደረገው ከባድ ምርመራ ወንበሩና ወለሉ ተነሥቶ የውስጥ አካሉ ይፈተሻል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ ቦይንግ 767 አይሮፕላኖችን አዲስ አበባ ላይ ወደ ጭነት ማመላለሻነት ለመለወጥ ከአንድ የእስራኤል ኩባንያ ጋር መዋዋሉ የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፤ መንገደኛ የተወው አካል ለሌላ ሥራ ገና ብርቱ ነው።

እንግዲህ የሚያረጀው ምንድን ነው? በመንገደኛው ዘንድ ቀድሞ የሚያረጀው ወንበሩ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በመብረር በዘመኑ ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በዚያ ዘመን በቢዝነስ ክላስ የሚገኘው ምቾት ሰፋ ያለና ወደ ኋላ የሚጋደም ወንበር ነበር። ማዕረጉ ራሱ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ የተስፋፋው ሙሉ ዋጋ የከፈለውን መንገደኛ በቅናሽ ከሚሄደው ለመለየት ነው እንጂ ለመኝታ ታስቦ አልነበረም። በቢዝነስ ክላስ እንደ አልጋ ፈጽሞ የሚዘረጋ ወንበር የመጣው የብሪታንያ አየር መንገድ በ1992 ዓ.ም. ካስተዋወቀው በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ «ቢዝነስ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት ዓይነት ወንበሮች ይሸጣሉ። አንደኛው ወደ ኋላ ብቻ የሚጋደመው ነው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ቢዘረጋም ወደ እግር በኩል የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ የተኛበትን ሰው ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚያንሸራትተው ነው። ሦስተኛው በእውነት አልጋ የሚሆነው ነው። በአሮጌ አይሮፕላን ላይ ሦስተኛው ሊገጠም ይችላል፤ በአዲሱም ላይ ሁለተኛው ሊገኝ ይችላል። የአይሮፕላኑን ዕድሜ ብቻ ጠይቆ የወንበሩን ዓይነት ያልጠየቀ መንገደኛ፣ ነገሩ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሆንበታል።

ወንበር በመለወጥ የማይድን አንድ የእርጅና ምልክት ደግሞ አለ፤ እሱም አየሩ ነው። በአሉሚኒየም አካል የተሠሩት የቀድሞ አይሮፕላኖች በከፍተኛ በረራ ላይ ሳሉ የውስጥ አየራቸው እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ አየር ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በጠንካራ ድር ከተጠናከረ ፕላስቲክ የተሠሩት ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ግን ይህን ወደ 1,800 ሜትር ያወርዱታል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ቁጥር ባዶ ቁጥር አይደለም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ሲገኝ የጣና ሐይቅ ውሃ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አሮጌው አይሮፕላን መንገደኛውን ሌሊቱን ሙሉ በአዲስ አበባ ከፍታ ያሳድረዋል፤ አዲሱ ደግሞ በጎርጎራ ዳርቻ ከፍታ ያሳድረዋል ማለት ነው። በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ከባሕር ጠረፍ ለሚነሣ ወይም ብዙ ዘመን በዚያ ለኖረ አዛውንት ግን ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ከፍታ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆዩ ሰዎች ዝቅ ባለው ከፍታ ከቆዩት ይልቅ የድካምና የጡንቻ ሕመም ስሜት በዝቶባቸዋል። በአሮጌው አይሮፕላን አየሩም ይበልጥ ደረቅ ነው፤ የከፈለው ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን ይህን አየር የማይተነፍስ መንገደኛ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። በረጅም በረራ በእግር ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ ችግር በጠባብ ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች በሽታ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ጥናት ግን መንሥኤው ሳይነቃነቁ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ መሆኑን አመልክቷል። ከአራት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጉዞ አደጋው በእጥፍ ያህል ሲጨምር፣ በጠቅላላው ሲታይ ከስድስት ሺህ ሰዎች አንዱን ያህል ይነካል። ስለዚህ በሰፊ ወንበር ተቀምጠው እንግዳ እንዳያስቸግሩ በማለት አሥራ ሦስት ሰዓት ሳይነሡ የሚቆዩ ጨዋ እናት፣ ወንበሩ ከዚህ አያድናቸውም። ተነሥተው እንዲራመዱ፣ ውሃም እንዲጠጡ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

የጎርጎራ ሰው የረጅም ጉዞን ጠባይ ያወቀው ከአይሮፕላን አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው የመንገደኛ ጀልባ ለብዙ ዓመታት መንገዱን በአንድ ቀን ተኩል ይፈጽም ነበር፤ ሌሊቱንም ቁንዝላ ያድር ነበር። መርከቡ አዲስ አልነበረም፤ ፈጣንም አልነበረም። ይሁን እንጂ የሚሳፈረው ሰው ቁንዝላ እንደሚያድር ያውቅ ስለ ነበር ስንቁን ቋጥሮ፣ ጋቢውን ይዞ ይወጣ ነበር። አስቀድሞ የታወቀ ድካም ቅሬታ አያስነሣም፤ ሰውን የሚያሳዝነው ዕረፍት ተብሎ የተሸጠለት ነገር በመንገድ ላይ ድካም ሆኖ ሲገኝ ነው።

በአየር ጉዞም ዳኝነቱ በዚሁ ላይ ነው። አየር መንገዶች በማጓጓዣ ውላቸው ማዕረጉን እንጂ የአይሮፕላኑን ዓይነት ብዙ ጊዜ አያረጋግጡም፤ በብልሽት ወይም በመንገደኛ ብዛት ምክንያት አንዱን አይሮፕላን በሌላ ሊተኩት ይችላሉ። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ አሠራር ነው። ወኪሉ ይህን ሊከለክል አይችልም፤ ሊናገር ግን ይችላል። የአይሮፕላኑ ዓይነትና የወንበሩ አደራደር በቦታ መያዣው መዝገብ ላይ ይታያል። በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር እንዳለ፣ ወንበሩ ፈጽሞ ይዘረጋ እንደ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ያርፍ እንደ ሆነ፣ ከበረራው በፊት ለውጥ ቢኖር ማን ለማን እንደሚነግር፣ እነዚህን አራት ነገሮች ገንዘብ ከመቀበል በፊት ማስረዳት ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የሦስተኛው ጉዳይ ምክንያትም ቢነገር መልካም ነው፦ አዲስ አበባ በከፍታ ላይ በመሆኗ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አይሮፕላን ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ በሙሉ ጭነት መነሣት ያዳግተዋል፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ በቀጥታ ይመጣል። ይህን የተረዳ መንገደኛ ማረፉን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

ይህ ምክር ነገም ይሠራል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሲገባ የአዲስነት ምሳሌ ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጣው ኤ350ም በተራው ያረጃል። ከጎርጎራ የመጡት እናት ግን የሚያስታውሱት የአይሮፕላኑን ስም አይሆንም። የሚያስታውሱት አዘዞ ላይ ሲወርዱ እግራቸው መቆሙን፣ ቀሪውን ስልሳ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ጉልበት መትረፉን፣ እንዲሁም የተነገራቸውና ያገኙት አንድ መሆኑን ነው። አይሮፕላኑን በጤና ማቆየት የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ ቃልን ከወንበሩ ጋር ማስማማት ደግሞ የዚህ ማኅበር አባላት ሥራ ነው።