«አልተጠናም» ከማለታችን በፊት፦ መረጃን በኢንተርኔት ስለ መፈለግ



በመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ «በዚህ ርዕስ ዙሪያ በአካባቢው የተሠራ ጥናት የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል። የጥናቱ አስፈላጊነት የሚቆመው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ነገር ግን አለመገኘት አለመኖር አይደለም። የፍለጋ ሞተር የሚያቀርብልን በአመዛኙ ከጻፍነው ቃል ጋር የሚዛመደውን ነው። ስለዚህ ፍለጋ የሚጀምረው፣ የምንፈልገው ነገር በየዘመኑ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ በወረቀት ላይ ከመዘርዘር ነው።

ከተማችንን እንውሰድ። በአማርኛ አዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ ተብላ ትጻፋለች። በእንግሊዝኛ ስሟ አንዳንዴ በ«ኤች»፣ አንዳንዴ በ«ኤ» ይጀምራል፤ «ኤስ»ም አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲያችንም ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ነው። የግብርና ኮሌጁ ደግሞ ከሁለቱም ስሞች ይቀድማል። በዛሬው ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የቀደሙትን ሥራዎች ሊያልፋቸው ይችላል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከመሆኑ በፊት የነበረው መረጃ በደቡብ ክልል ሥር፣ ከዚያም በፊት በሲዳሞ ስም ይገኛል። የቀድሞው ሲዳሞ ግን ከዛሬው ሲዳማ የሰፋ ስለ ነበር፣ አኃዞቹን እንዳሉ ማነጻጸር አይገባም።

ስሞቹ ከተዘረዘሩ በኋላ መሣሪያዎቹ ይረዳሉ። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል። በአማራጭ ስሞች መካከል «ኦር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደላት መጻፍ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፈለግ ያስችላል። የመቀነስ ምልክት ያልተፈለገውን ቃል ያስቀራል። «ሳይት» ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» የሚለውን በላቲን ፊደል ማስከተል ፍለጋውን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጾች ይወስነዋል።

ሁለት ነገሮች ግን በመሣሪያ ብቻ አይፈቱም። አንደኛው የደራሲ ስም ነው፤ የውጭ የመረጃ ቋቶች የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ አንድ ጸሐፊ በተለያየ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ 1996 ዓ.ም. በፍለጋ ማጣሪያ ላይ 2003 እና 2004 ነው።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲገኝ ፍለጋው አያበቃም። ዋቢዎቹ ወደ ኋላ፣ በጉግል ስኮላር የጠቀሱት ጽሑፎች ደግሞ ወደ ፊት ይመሩናል። ኢንተርኔት ላይ ያልወጣው የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል።

በመጨረሻም የፈለጋችሁባቸውን ቃላት፣ የመረጃ ቋቶችና ቀናት መዝግቡ። ያን ጊዜ «ጥናት የለም» በማለት ፈንታ «በእነዚህ ቃላት፣ በእነዚህ ቦታዎች፣ እስከዚህ ቀን ፈልጌ አላገኘሁም» ትላላችሁ። ይህ ሌላ ሰው ሊፈትሸው የሚችል ቃል ነው፤ የቀደሙንንም ተመራማሪዎች ድካም ከመካድ ያድነናል።